ትእዛዝ ነው ወይስ አማላጅነት?

 

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ። «ኡስታዝ፣ አባቴ ሕክምና ካልገባህ አውፍ አልልህም አለኝ። የመታዘዝ ግዴታ አለብኝ?» «ኡስታዝ፣ እናቴ ሳዑዲ ሰው ቤት ሠርታ ነው ያስተማረችኝ። እሷ ፋርማሲ ትላለች፣ እኔ ሒሳብ ነው የምወደው። እምቢ ብላት ወንጀለኛ እሆናለሁ?»

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። በ2014 ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። «የቱን እንምረጥ» ብሎ የሚጨቃጨቅ ቤት በኒዕማ ላይ ነው የሚጨቃጨቀው። ጎረቤቱ ያለው ልጅ ሬሜዲያል ይደርሰኝ ይሆን እያለ እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ድምፃችሁን ትንሽ ቀንሱ።

ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። አላህ በሱረቱል ኢስራእ እርሱን ብቻ መገዛትን ባዘዘበት አንቀጽ ውስጥ ለወላጅ በጎ መዋልን አያይዞ አዟል። ስለዚህ «ሕይወቴ የራሴ ነው» የሚለው መልስ የኛ መልስ አይደለም። «አባት ያለው ሁሉ ትእዛዝ ነው» የሚለውስ?

የባሪራን ታሪክ አስታውሱ፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ባሪራ ባሪያ ነበረች፣ ነፃ ወጣች። ባሏ ሙጊስ ገና ባሪያ ስለነበር አብራው የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ በመዲና መንገዶች ይከተላት ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አዘኑለትና ብትመለሺለት አሏት። እሷም የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፤ እያዘዙኝ ነው? እሳቸው አማላጅ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት። እንደዚያ ከሆነ አልፈልገውም አለች። አልተቆጧትም፣ አላኮረፏትም፣ «አውፍ አልልሽም» አላሏትም።

ቃላቸው ሸሪዓ የሆነ ነቢይ ትእዛዛቸውንና ምኞታቸውን ለያይተው አስቀመጡ። ታዲያ የኛ አባቶች ሁለቱን የሚያቀላቅሉት በምን ሥልጣን ነው? ኢብን ተይሚያም ወላጅ ልጁን ያልፈለገውን ሰው እንዲያገባ ማስገደድ እንደማይችል፣ ልጁም እምቢ ቢል ወላጁን እንዳመፀ እንደማይቆጠር ተናግረዋል። ያነጻጸሩት ከምግብ ጋር ነው። የማትፈልገውን ብላ ተብለህ ካልተገደድክ፣ የምግቡ ምሬት ለአፍታ የትዳሩ ግን ለዓመታት ነውና ትዳሩማ ይብሳል። የትምህርት ክፍል ትዳር አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የሕክምና ትምህርት ብቻውን ስድስት ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልክ የታመመ ሰው ፊት መቆም አለ። ልቡ የሌለበት ሐኪም የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። የበሽተኛውም ሐቅ አለበት።

ኢብኑል ቀዪም ስለ ልጅ አስተዳደግ በጻፉት «ቱሕፈቱል መውዱድ» ውስጥ ይህንን ነገር ከወላጅ በኩል አይተውታል። ልጁ ለምን እንደተዘጋጀ ተመልከቱ፣ ሸሪዓ እስከፈቀደው ድረስ ከዚያ ውጭ ወዳለ ነገር አትግፉት ይላሉ። ማስተዋልና መሐፈዝ ያለው ወደ ዒልም፣ ልቡ ወደ ፈረስና ወደ ጦር ያዘነበለው ወደዚያ፣ እጁ ወደ ሥራ የሄደው ወደ ሙያው። ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተባለ ነው። እኛ ዛሬም «ዶክተር» እና «ኢንጂነር» ከሚሉ ሁለት ቃላት ውጭ ለልጅ ክብር ያለ አይመስለንም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወደ ወጣቶቹ። ባሪራ ጠየቀች፣ ሰማች፣ ከዚያ መለሰች። ከእናንተ ብዙዎቹ ግን ቅጹን በድብቅ ሞልተው ጨርሰው ነው «ኡስታዝ አስታርቁን» የሚሉት። አማላጅ መስማት ግዴታ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን አንድም ሰው እንዲያማልዳችሁ ዕድል ሳትሰጡ «አልተረዱኝም» ማለት ፍትሕ አይደለም። «ፍላጎቴ ነው» የምትሉትንም ፈትሹት። ሒሳብ የምትወድ ከሆነ ያለ ፈተና የምትሠራው ሒሳብ አለ? ወይስ ፍላጎቱ ከቲክቶክ የመጣ፣ ወይም ጓደኛህ እዚያ ስለገባ ነው? እንዲህ ያለ ፍላጎት የእናትህን ምኞት ያህል እንኳ አይመዝንም።

የሳዑዲዋን እናት ልጅ ጥያቄ በልቤ ይዤ ቆይቻለሁ። እናቱ የከፈለችው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ያላየችው ልጅነቱ ነው። ይህ ዕዳ በምንም አይከፈልም፣ እሱም እንደሚከፈል ማስመሰል የለበትም። ቢሆንም ዕዳው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ስትደክም ልትጦር፣ ስትመለስ ቤት ልታገኝ፣ ስትናገር ልትደመጥ ሐቅ አላት። ስለዚህ ልጁ «የምመርጠው ነገር እናቴን ያኖራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። የማያኖር ከሆነ ምርጫው የእሱ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። የሚያኖር ከሆነ ግን በፋርማሲ ይሁን በሒሳብ የእሷ ምክር ነው እንጂ ትእዛዟ አይደለም። ይህንንም በስልክ በሁለት ደቂቃ አይነግራትም። ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ አጥንቶ፣ እሷ ደግሞ ሥራ ጨርሳ ባረፈችበት ሰዓት ነው።

ከዚህ የሚለይ አንድ ጉዳይ አለ። አባት ልጁን «ወደዚያ ክልል አትሄጅም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው መንገዱንና ጸጥታውን ፈርቶ ነው። ይህ የማዕረግ ምኞት አይደለም፣ የአደራ ጉዳይ ነው፤ ቃሉም በጣም ይከብዳል። ምደባው የሚኒስቴሩ ስለሆነ ደግሞ እናንተ የሞላችሁት ላይደርሳችሁ ይችላል። አስቀድማችሁ አብራችሁ ብትነጋገሩበት ኋላ ከመላቀስ ያድናል።

አባቶችም ይህን ይወቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ልጁ መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይማራል፤ የትምህርት ክፍል የሚደርሰው በውጤቱና ባለው ቦታ ነው። «ሕክምና ካልሆነ» ብሎ የማለ አባት ልጁ በእጁ በሌለው ነገር ላይ ነው የማለው።

ኢስቲኻራን ጨምሩበት። ብዙዎች ሰግደው ሕልም ይጠብቃሉ፤ ሐዲሡ ውስጥ ግን ሕልም የለም። ሁለት ረከዓ ትሰግዳላችሁ፣ ጉዳያችሁን በስሙ ጠርታችሁ ዱዓውን ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ በያዛችሁት ትቀጥላላችሁ። በዱዓው መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ያሰብነው እንዲሆን አይደለም፤ መልካሙ የትም ይሁን እንዲወሰንልንና ልባችን እንዲወደው ነው። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ስገዱ። ምደባው ወጥቶ ስማችሁን ካልጠበቃችሁት ቦታ ስታዩት፣ ያኔ ያቺን የመጨረሻ ልመና አስታውሱ።