የብዙዎች በደል የማን ነው?

ብዙ ሰዎች አንድነት ሆነው አንዱን ሰው ቢያቈስሉት በደሉ የማን ነው? የሁሉም ነው እንዳንል፥ እያንዳንዱ «የእኔ ድርሻ ጥቂት ናት» ይላል፤ የማንም አይደለም እንዳንል፥ የቈሰለው ሰው በፊታችን ቆሟል። ይህን ነገር እንመረምር ዘንድ በአውስትራልያ የሆነውን የአንድ ተጫዋች ታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹ የተጻፉት በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የዚያ አገር የእግር ኳስ እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ሲሆን፥ ከየወገኑ 18 ሰዎች ተሰልፈው ኳሱን በእግር ይመታሉ፥ በእጅ ይይዛሉ፥ በጡጫም ለባልንጀራቸው ያቀብላሉ። አዳም ጉድስ በ1980 በደቡብ አውስትራልያ ተወለደ፤ በእናቱም በኩል ከአገሩ ጥንታውያን ሕዝቦች ወገን ነው። ከ1999 እስከ 2015 ለሲድኒ ስዋንስ ማኅበር 372 ጊዜ ተጫወተ፤ ማኅበሩ በ2005ና በ2012 ዋንጫውን ሲወስድ አብሮ ነበረ። በጨዋታ ለበለጠና ሕግን ለጠበቀ ሰው በዳኞች ድምፅ የሚሰጠውን የብራውንሎ ሜዳይ በ2003ና በ2006 ተሸለመ።

በ2013 በሜልቦርን ሲጫወት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከተመልካቾች መካከል ሆና «ዝንጀሮ» ብላ ሰደበችው። እርሱም በጣቱ አመለከታት፥ ዘበኞችም አስወጧት። በማግሥቱ ግን ልጅቱ እንዳትወቀስ፥ ይልቁንም እንድትደገፍ ሕዝቡን ለመነ፤ እርስዋም ይቅርታ ጠየቀችው። በ2014 የዓመቱ አውስትራልያዊ ተብሎ ተመረጠ፥ ስለ ወገኖቹም መከራ በግልጥ ተናገረ። ከዚህ በኋላ ኳስ በያዘ ቍጥር የተመልካቹ የነቀፋ ጩኸት ይነሣበት ጀመር። በ2015 የወገኑን የጦር ጭፈራ በሜዳ ቢያሳይ ጩኸቱ ባሰ፤ በዚያው ዓመትም ጨዋታውን ተወ። ለተሰናባቾች በሚደረገው የክብር ሰልፍ እንኳ አልተገኘም።

የጮኹት ሰዎች ምክንያት ብዙ ነበረ። አንዱ «ዳኛ ያታልላል» አለ፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ሜዳይ ያሸለሙት ዳኞች ራሳቸው ናቸው። አንዱ «ልጅቱን አሳፈራት» አለ፤ ነገር ግን ማንም ሳያስተምረው የማለደላት እርሱ ነው። አንዱም «እኔ የምጮኸው ስለ ጨዋታው እንጂ ስለ መልኩ አይደለም» አለ። ይህን ያለው ሁሉ ዋሸ አልልም። ነገር ግን ጩኸት ቃል የለውም፤ ስለ ጨዋታ የጮኸና ስለ ጥላቻ የጮኸ ድምፃቸው አንድ ይሆናል፥ የሚሰማውም ሰው ሊለየው አይችልም። ተበዳዩ ሳይናገር በፊት ባለማወቅ ማመካኘት ይቻል ይሆናል፤ ጩኸቱ እንዳቈሰለው ከታወቀ በኋላ ግን አብሮ የጮኸ ሰው ጕሮሮውን ለጠላተኛው አዋሰ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፥ ኅብረትንም እናመሰግናለን። ነገር ግን አንበሳው በምን በደሉ እንደ ታሰረ ከድሮቹ አንዱም አይጠይቅም። ዳቦ ለብዙዎች ቢቈረስ ድርሻው ያንሳል፤ በደል ግን እንደ እሳት ነው፥ ብዙዎች ቢጫጫሩት አይጐድልም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ልጅቱ ብቻዋን ስለ ተሰማች ታወቀች፥ ስለ ታወቀችም ይቅርታ ጠይቃ ምሕረት አገኘች። በቍጥር የተሸሸጉት ጐልማሶች ግን ከወቀሳ ሲያመልጡ ከይቅርታም አመለጡ። የጨዋታው አስተዳዳሪዎችና 18ቱ ማኅበራት በ2019 ከእርሱ ጋር ባለመቆማቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ እነርሱ ግን ስለ ዝምታቸው እንጂ ስለ ሌላው ጕሮሮ ሊመልሱ አይችሉም። በ2021 በጨዋታው የክብር መዝገብ ሊያገቡት ቢሹ አልፈቀደም።

እንግዲህ በብዙዎች መካከል የቆመ ሰው አፉን ሳይከፍት አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ ይህን ሰው ብቻዬን በመንገድ ባገኘው፥ ዐይን ለዐይን እየተያየን ይህንኑ እለው ነበርን?