ለምናሳድገው ፍጥረት ምን አደራ አለብን?

በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ በደልጊ የተወለደ ልጅ ቀረሶ የተባለውን ዓሣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ይህ ልጅ አድጎ ወደ ከተማ ቢሄድና በአንድ ቤት በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙትን ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የመጡ ባለ ቀለም ዓሦች ቢመለከት፣ የቀረሶ ዘመዶች መሆናቸውን ላይገምት ይችላል። ሆኖም ሁሉም ሊቃውንት ሲክሊድ ከሚሉት ከአንድ ቤተሰብ የሚቆጠሩ ናቸው።

የቀረሶ እናት እንክብካቤ የሚያስደንቅ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ እርስዋ ደግሞ እንቁላሉን በአፏ ይዛ፣ ምግብ እምብዛም ሳትቀምስ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ትቆያለች። ልጆቿ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በመጨረሻም ለገዛ ውኃቸው ትለቃቸዋለች።

በቤቱ ዓሣ የሚያረባ ሰውም ብዙ ይደክማል። የቧንቧውን ውኃ ክሎሪኑ እስኪለቀው ያሳድራል፤ ምግቡን ይመጥናል፤ ውኃውን በየጊዜው በከፊል ይለውጣል፤ ከዓሦቹ ቆሻሻ ምግባቸውን የሚስቡ ዕፀዋትን ይተክላል። ይህ ሁሉ ትዕግሥትን የሚያስተምር መልካም ተግባር ነው። ጥያቄው የሚነሣው ዓሦቹ ተራብተው ገንዳው ሲጠባቸው፣ ተክሉም ከልክ በላይ ሲበዛ ነው። በዚያን ጊዜ «ወንዝ ውስጥ ብጥለው ማንን ይጎዳል?» ማለት ይቀናል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ጣና ራሱ ነው። የእምቦጭ የተፈጥሮ አገር ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ሌሎች አህጉራት የተሻገረው በአመዛኙ አበባው ስላማረ ለኩሬ ጌጥ ይሆን ዘንድ ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ፣ በ2011 ደግሞ በጣና መታየቱ ተመዘገበ። በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ብርሃንን ከለከለ፤ የታንኳንና የመረብን መንገድ ዘጋ፤ እንደ ቀረሶ ያሉ ዓሦች የሚራቡበትን ጥልቀት የሌለውን ውኃ ሸፈነ።

ታዲያ አበባውን ያሻገሩት ሰዎች ጥፋተኞች ናቸውን? ውበትን ወደዱ እንጂ ክፉ አላሰቡም፤ የሚመጣውንም አላወቁም። ስለዚህ በእነርሱ ላይ ልንፈርድ አይገባንም። ይሁን እንጂ መልካም አሳብ ጉዳቱን አያስቀርም፤ የዳርቻው ገበሬ ከውኃው ገብቶ በእጁ የነቀለው እርሱ ያልተከለውን ነው። እኛ ግን ዛሬ አይተናል፤ ስለሆነም «አላወቅሁም» የሚለው ምክንያት ለእኛ አይሆንም። በጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ ከሚባሉት 15 ያህል የዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም፤ ቢጠፉ ከየትም ልንተካቸው አንችልም።

እንግዲህ አደራችን በመስታወቱ ጠርዝ አያበቃም። የበዛውን ዓሣ ማሳደግ ለሚችል ሌላ ሰው መስጠት፣ የተቆረጠውን ተክል ከውኃ አርቆ በፀሐይ ማድረቅ፣ ሊያኖሩት የማይችሉትን አለማራባት ከባድ ሥራ አይደለም። የቀረሶ እናት ልጆቿን የምትለቀው ወደ ገዛ ውኃቸው ነው። እኛም ሁለተኛውን ዓሣ ወደ ገንዳው ከመጨመራችን በፊት ልጆቹ የት እንደሚኖሩ ራሳችንን እንጠይቅ።