ማንም የማያየው ሥራ

ሰው ብቻውን ሆኖ በሚሠራው ሥራ ላይ ዳኛው ማን ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ሊቃውንትም ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ ግን ያገኘሁት ርዝመቱ 66 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ የፕላስቲክ ፉርጎ ነው። አንባቢ ነገሩን የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በእንግሊዝ አገር የባቡርን አምሳያ በቤት ውስጥ መሥራት ሽማግሌውም ወጣቱም የሚተጋበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሠሪው ከሱቅ አንድ ትንሽ ሣጥን ይገዛል፤ በውስጡም የፉርጎው ጎኖች፣ ወለሉና የፍሬኑ ክፍሎች በቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ፍሬ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ተያይዘው ይገኛሉ። እያንዳንዱን በምላጭ ቈርጦ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ በወረንጦ ይዞ ያጋጥመዋል። የሚያያይዛቸው ፈሳሽ እንደ ተራ ሙጫ በመካከል የሚቆም አይደለም፤ የሁለቱን ፕላስቲክ ፊት አሟሙቶ አንዱን ከሌላው ጋር ያዋሕደዋል እንጂ። ስለዚህ የተጣመመውን ለማቃናት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ከደረቀ በኋላ መለየት መስበር ይሆናል። አዋቂዎችም ፉርጎውን በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አቁመው አራቱ መንኰራኵሮች እኩል መርገጣቸውን ይመረምራሉ።

በዚያ አገር ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ፣ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ባለቤት የነበሩ ጡረተኛ ሽማግሌ ይህን ጥበብ በክረምቱ ረዥም ምሽት አስተማሩኝ። የመጀመሪያው ሥራዬ 16 ቶን የድንጋይ ከሰል የሚጭነው የብረት ፉርጎ አምሳያ ነበር። እውነተኛው ፉርጎ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ጀምሮ በብዙ አሥር ሺዎች እየተሠራ ለእንግሊዝ ቤትና ፋብሪካ ከሰል ሲያመላልስ ኖሮ ከአገልግሎት የወጣ፣ መንገደኛ ቆሞ የማያየው ተራ ዕቃ ነበር።

ጎኖቹን አቃናሁ፤ ቀለሙን ቀባሁ፤ ቁጥሩን ለጠፍሁ። ከሆዱ በታች ከሚገቡት የፍሬን ክፍሎች ግን ሁለቱ ከወረንጦዬ አምልጠው ምንጣፉ ውስጥ ጠፉ። ከተረፈው ፕላስቲክ ቀርጾ መተካት ይቻል ነበር። እኔ ግን «ማን ገልብጦ ያያል?» አልሁና ተውሁት።

ፉርጎው በሐዲዱ ላይ ያለ እንከን ሄደ። ጉዳዩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይህ ነው። ከሐዲድ ወጥቶ ቢወድቅ ኖሮ ቅጣቴን ተቀብዬ በተማርሁ ነበር፤ ጉድለቱ ግን ማንንም አልጎዳም፤ ሽማግሌውም ከራሳቸው ፉርጎዎች ጋር አሰልፈው አመሰገኑኝ። ምስጋናው ያላደረግሁትን ጭምር የሚያካትት ነበርና ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ራሴን ለመከላከል ክርክር አላጣሁም። አምሳያ ሁሉ ከእውነተኛው ነገር የጎደለ አይደለምን? ሽማግሌው በሚሠሩበት ልክ ፉርጎው ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያህል ያንሳል። የእንግሊዝ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ አምሳያው 18.83 ሚሊሜትር መሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን 16.5 ብቻ ነው። የእንግሊዝ ባቡር ከሌላው የኤውሮፓ ባቡር በወርድም በቁመትም ያነሰ በመሆኑ፣ በዚህ ሐዲድ ልክ ቢያሳንሱት የቀድሞውን ዘመን የኤሌክትሪክ ሞተር አልይዝ ስላላቸው፣ ሠሪዎቹ ሐዲዱን እንዳለ ትተው አካሉን ብቻ አሳደጉት። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ትክክለኛውን ልክ የሚከተሉ ጥብቅ ሰዎች ተነሥተዋል፤ የሚበዙት ግን እስከ ዛሬ ከጠባቡ ሐዲድ አልወጡም።

አንድ ምሽት ይህን ጠቅሼ፣ «እርስዎም ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ሐሰት ይዘው ይኖራሉ» አልኋቸው። ሽማግሌው ሳቁና «ይህንንማ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ» አሉኝ።

መልሱ አጭር ነው፤ ልዩነቱን ግን ገለጸልኝ። ሰው በዐቅሙ፣ በገንዘቡና በጊዜው የተወሰነ ፍጡር ስለሆነ ከሥራው የሚጎድል ነገር አይታጣም። የጎደለውን አውቆ ከተናገረ ግን ሥራው እውነተኛ ሆኖ ይኖራል። የእኔ ጉድለት ከእርሳቸው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን የተደበቀ ስለሆነ ተመልካቹን ሙሉ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። ሐሰት በሚሊሜትር አይለካም።

በጨዋታ ነገር ኅሊናን ይህን ያህል ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል? የሚል ሰው አይጠፋም። ጥንቃቄን ለትልቁ ሥራ አቆይቶ በትንሹ መዝናናት ብልኅነት ይመስላል። ነገር ግን በትልቁ ሥራ ላይ አለቃ፣ መርማሪ፣ ደመወዝና ቅጣት አሉ፤ በዚያ የምናሳየው ጥንቃቄ ከፍርሃት ይሁን ከፍቅር ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ማንም በማይጠይቀን ሥራ ላይ ግን ሰው ራሱን ያያል። መምህር ሌሊት ደክሞት የመጨረሻውን የፈተና ወረቀት ሲያርም፣ ጸሐፊም ማንም የማይከፍተውን መዝገብ ሲሞላ፣ እኔ በዚያ ምሽት ምንጣፉን እያየሁ በነበርሁበት ስፍራ ይገኛሉ።

በነጋታው ፉርጎውን ገልብጬ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። አንድም ቃል ሳይናገሩ ቁራጭ ፕላስቲክና ሞረድ አቀረቡልኝ። የጎደሉትን ሁለቱን ቀርጬ ተካሁ፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይወፍራል። ፉርጎው ዛሬም በጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ እንግዳ አንሥቶ ሲያደንቀው ገልብጬ እርሱን አሳየዋለሁ።