ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ በመካከላችን ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ ያልተነገረ ነው። ይኸውም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ወገኖቻችን ስለሚወስዱት መድኃኒትና ስለ ጠበል ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን እውቀታችን ሳይሆን በደላችን መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካከላችን አንድ ወንድማችን በየጊዜው ከዋጃ ተነሥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይመላለስ ነበር። እኛም ለንግድ የሚሄድ መስሎን ነበር። እርሱ ግን የሚሄደው መድኃኒቱን ለመቀበል ኖሯል። በቅርብ እንዳይቀበል ያደረገው ከእኛ አንዳችን በር ላይ እንዳናየው መፍራቱ ነው። በኋላም ምሥጢሩ ከበደውና ለጥቂቶቻችን ነገረን። እኛስ ምን መለስንለት? «ካመንህ ጠበሉ ይበቃሃል፤ ክኒን ይዞ ጠበል መግባት ጥርጥር ነው» አልነው። የተናገርነው በቅንዓት ነበር፤ ነገር ግን እውቀት የሌለው ቅንዓት ነበር። እርሱም ታላላቆቹ ነንና አመነን። ክኒኑን ከቤቱ ትቶ ጠበል ገባ። ከወራት በኋላ ሲመለስ ሰውነቱ ከስቶ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ ሰው ደግፎት ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ድካም ሕክምናውን እንደ ገና ጀመረ፤ ዛሬም በሕይወት አለ። እኛ ግን ያን ቀን በአፋችን የተናገርነውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

እንግዲህ ሳናውቅ የፈረድንበት መድኃኒት ምን እንደ ሆነ ጠይቀን ተምረናልና ለእናንተም እንነግራችኋለን።

ኤች አይ ቪ የሰውነታችን ጠባቂዎች የሆኑትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያጠቃ ተሕዋስ ነው። ወደ ሕዋሱ ከገባ በኋላ በመጀመሪያ የራሱን መልእክት ሕዋሱ ሊያነበው ወደሚችለው ዓይነት ይገለብጣል። ቀጥሎም የተገለበጠውን በሕዋሱ ዋና መዝገብ ውስጥ ይሰካል። ከዚያ ወዲያ ሕዋሱ ሳይወድ የጠላቱ አገልጋይ ሆኖ አዳዲስ ቫይረስ ያመርታል። ሕክምና ባላገኘ ሰው ሰውነት ውስጥ በአንድ ቀን የሚመረተው በቢሊዮን የሚቆጠር ነው። ቫይረሱም መልእክቱን ሲገለብጥ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ስሕተቱ ግን ለእርሱ ጥቅም ሆነለት። ከተሳሳቱት መካከል አንዱ መድኃኒቱ የማይገድለው ሆኖ ይወጣና ዘሩን ያበዛል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የመጀመሪያው መድኃኒት ዚዶቩዲን በአሜሪካ ሲፈቀድ ብዙዎች ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን ብቻውን ሲሰጥ ጥቂት ጊዜ ረድቶ ቫይረሱ ይለምደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ቫይረሱን እንደሚያስታግሥ የሚያሳይ ማስረጃ ቀረበ። ምክንያቱም አንዱን መድኃኒት ያመለጠ ቫይረስ ሁለተኛው ይይዘዋል፤ ሁለተኛውን ቢያመልጥ ሦስተኛው ይጠብቀዋል። ከሦስቱ በአንድ ጊዜ ማምለጥ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 4 በሦስት የተገመደ ገመድ ቶሎ እንደማይበጠስ ያስተማረው ትምህርት በዚህም ነገር ተገለጠ።

ዛሬ በአገራችን ለአብዛኞቹ አዋቂዎች በመጀመሪያ የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉትን ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን የያዘ ሲሆን በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። የፊተኞቹ ሁለቱ ቫይረሱ መልእክቱን እንዳይገለብጥ ያሰናክሉታል፤ ሦስተኛው ደግሞ የተገለበጠውን በሕዋሱ መዝገብ እንዳይሰካ ይከለክለዋል። ይህን በሚገባ የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው ቫይረስ ቀንሶ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። በዚህ ደረጃ ጸንቶ የሚኖርም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። መድኃኒቱን በሚገባ የምትወስድ እናትም ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ ለመውለድና ለማሳደግ ትችላለች።

«ታዲያ በምርመራ ካልታየ ስለ ምን ዕድሜ ልክ ይዋጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ መልሱን ከእርሻችን እናገኘዋለን። በእኛ በዋጃ ሜዳ ማሽላ የዘራ ሁሉ አቀንጭራን ያውቃታል። አበባዋ ያማረ ነው፤ ሥሯ ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጣል። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሆኖ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የማሽላ ሥር ሲቀርበው ይነቃል። ገበሬው ዘንድሮ በእርሻው ላይ አቀንጭራ አላየሁም ብሎ ጥንቃቄውን ቢተው በሚመጣው ዓመት እርሻው ሐምራዊ ለብሶ ያገኘዋል። ኤች አይ ቪም እንዲሁ ነው። በምርመራ አልታየም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይነሣል። አንዴ እየወሰዱ አንዴ እየተዉ መኖር ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ መክፈት ነው። የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እርሳቸውም ቢሆኑ ዘሩን ብቻውን አልተዉትም፤ አፈሩን በማዳበርና እርጥበቱን በማቆየት አግዘውታል እንጂ። ብርቱ ጠላት በአንድ ክንድ አይያዝም።

ይህ መድኃኒት እንዲሁ በቀላሉ እጃችን የገባ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። የሦስቱ መድኃኒት ጥምረት በውጭ አገር ከተገኘ በኋላም ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ነበርና ለእኛ እንደ ሰማይ የራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ፋብሪካ ለአንድ ዓመት የሚሆነውን በ350 ዶላር ለበጎ አድራጊዎች ለማቅረብ ቃል ሲገባ በሩ መከፈት ጀመረ። በኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ያለ ክፍያ መሰጠት ተጀመረ። በእነዚያ መካከል ባሉት ዓመታት ስንቶች ወንድሞችና እኅቶች መድኃኒት አጥተው እንዳለፉ አስቡ! እነርሱ አጥተውት ያለፉትን እኛ ወንድማችንን «ተወው» አልነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜም መንገድ ተዘግቶ፣ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ በአካባቢያችን መድኃኒታቸው የተቋረጠባቸው ብዙዎች ነበሩ። እነርሱ የቀራቸውን ክኒን እየቆጠሩ ሲጨነቁ የኖሩት ወደው አይደለም። እንግዲህ በሰላም ጊዜ፣ መድኃኒቱ ሳይጠፋ፣ በቃል ብቻ ሰውን ከሕክምናው ማስወጣት ምን ያህል በደል ነው?

ወደ ቃለ እግዚአብሔርም እንመለስ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ነገር ግን የተስፋውን ቃል ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ተስፋው ከሰማይ፣ በለሱ ከምድር ነው፤ ሁለቱም ግን ከአንድ አምላክ ናቸው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምረናል። በዚያው ምዕራፍ ስትታመም ጸልይ ይላል፤ ለሐኪሙም ስፍራ ስጠው ይላል። አንዱን ከሌላው አይለይም።

ሶርያዊው ንዕማንስ? ሰባት ጊዜ ታጠብ በተባለ ጊዜ ነገሩ ቀላል ስለ መሰለው ተቆጥቶ ሊመለስ ነበር። አገልጋዮቹ ግን በትሕትና መክረው መለሱት። ስድስት ጊዜ ታጥቦ ቢወጣ ኖሮ በረከቱን ባላገኘ ነበር። በየዕለቱ አንዲት ክኒን መዋጥም ቀላል ይመስላል፤ ጽናት የሚጠይቀው ግን ቀላልነቱ ነው። ደግሞ እናስተውል፤ ንዕማንን የጠቀሙት «ተወው» ያሉት ሳይሆኑ «የታዘዝኸውን ፈጽም» ያሉት ናቸው። እኛ ለወንድማችን እንደ እነዚያ አገልጋዮች አልሆንነውም።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ነገር ዝም አላለችም። በአዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ ሕሙማን በተሰበሰቡበት ዘመን መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርልንና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ በግልጽ አስተማሩ። እኛ ዋጃ ሆነን ከፓትርያርኩ ይልቅ ጥብቅ አማኞች ለመሆን መፈለጋችን እምነት ሳይሆን ትዕቢት ነበር።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚከተለውን እናድርግ።

1ኛ. «መድኃኒትህን ተው» የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ። ሌላው ሲናገር ብንሰማም በትሕትና እንመልስ።

2ኛ. ምሥጢር የነገረንን ሰው ምሥጢሩን እንጠብቅለት። ሐሜታችን ወንድማችንን መድኃኒት ፍለጋ ሩቅ አገር አሰድዶታልና።

3ኛ. ጠበል የሚሄድ ሰው ቢኖር እንሸኘው፤ ክኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። ብዙ ቀን የሚሰነብት ከሆነም አስቀድሞ ለጤና ባለሙያው ተናግሮ የሚበቃውን ይቀበል።

4ኛ. ጾምና ቁርባን ለመቋረጥ ምክንያት አይሁኑ። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ክኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ጠበል ደግሞ በባዶ ሆድ በጧት ይጠጣልና፣ ከጤና ባለሙያውና ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ የማታ ሰዓት መምረጥና በዚያው መጽናት ይቻላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ የደም ማነስ ክኒን ወይም የባህል መድኃኒት የሚወስድም ሳይደብቅ ይንገር፤ ከክኒኑ ጋር የማይስማሙ አሉና።

5ኛ. እኛም ራሳችን እንመርመር። ከተማችን የደሴና የመቀሌ አውራ መንገድ ላይ ናት፤ መኪናውም መንገደኛውም ሌት ተቀን ያልፍባታል። በሽታው የሌላ ሰው ነው ማለት አይገባንም። ቶሎ ያወቀ ቶሎ ይጀምራል፤ ቶሎ የጀመረም ሳይጎዳ ይኖራል።

በመጨረሻም ያ ወንድማችን ዛሬ ከእኛ ጋር ቆሞ ይዘምራል። ይቅርታ ስንለምነው የመለሰልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከእኔ በኋላ ለሚመጣው እንዲህ አትበሉት» አለን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ስለዚህ ነው። ማታ የክኒኑ ሰዓት ሲደርስ ከመካከላችን አንዱ «ወንድሜ፣ ሰዓትህ ደረሰ» ይለዋል። እርሱም በስመ አብ ብሎ አማትቦ ይውጣል። ጠበሉንም ጧት ይጠጣል። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ተጣልተው አላየንም።

ልዑል እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለእኛም ለአንደበታችን ጠባቂ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።