ሃምሳ ደብተር ለአንድ መምህርት

ልጄ፣ «ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ከራሱ አንድ ገጽ መጻፍ አቃተው» ብለሽ አትደንግጪ፤ ችላም አትበዪው። የልጅሽን ደብተር አይቼዋለሁ። እጅ ጽሕፈቱ ያምራል፤ ግን ሁሉም ከሰሌዳ የተገለበጠ ኖት ነው፤ የእሱ የምትባል አንዲት ዓረፍተ ነገር የለችበትም። መገልበጥና መጻፍ ለየቅል ናቸው። በግልበጣ ብቻ ያደገ ሰው ነገ ዲግሪውን ይዞ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ፊት ይቀመጣል፤ የራሱን በደል ሌላ እንዲጽፍለት ይከፍላል።

ነገሩ ዛሬ አልጀመረም። እኛ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረን፣ ዳዊት ደግመን ስንወጣ የተማርነው ንባብ ነው። ብዕር መቅረጽና ብራና ላይ መጻፍ የጸሐፊ ሙያ ነበር። ያ ልማድ አልለቀቀንም፤ ልጅ ሲያነብ እናጨበጭባለን፣ ምን ጻፍክ የሚለው ግን የለም።

መምህርቷን አትውቀሻት። ለአንደኛ ደረጃ የወጣው መለኪያ ራሱ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል። 50 ድርሰት አንብባና አርማ መቼ ትጨርሳለች? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አንዷን ደብተር አንቺ ያዢላት።

መጀመሪያ ልጁን አድምጪው። የድሮው ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲቆም፣ ተረት የሚያወሩለትና የሚያዳምጡት አሮጊቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ልጁም ማታ ከስልክ ጋር ቀረ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉሃል ይኼ ነው! በአፉ ያልተረከውን በእጁ አይጽፈውም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ከባቡር ወርዶ ቤት እስኪገባ ያየውን ይንገርሽ፤ ከዚያ ሦስት መስመር አድርጎ ይጻፈው። በአማርኛ ይሁን፤ የሚያስበው በእሱ ነው። እንግሊዝኛው ይደርሳል።

ሲጽፍልሽ ቀይ እስክሪብቶ እንዳታነሺ። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሕፃን ቢሳሳት ምን ይገርማል? እኛ ሽማግሌዎቹ እንኳ ስለ ሀሌታው «ሀ» እና ስለ ሐመሩ «ሐ» ስንከራከር ነው የሚመሽብን። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፤ ጽሑፉንም ከነስሕተቱ ውደጂለት። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚሉትን ግን አልቀበልም፤ ካላቦካ በምን ይለምዳል?

ሳልረሳው፣ ሰሌዳውን ሲያይ ዓይኑን የሚያጨማድድ ከሆነ አስመርምሪው። ተርቦም የሚጽፍ ልጅ የለም፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባው የረሀቡን ነገር አቅልሎታል።

ከሁሉ የሚበልጠው አንባቢ ማግኘቱ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ከቆጠሩት እናቶች መካከል ቶሎ የጻፉት፣ እኔ እንዳየሁት፣ ልጃቸው ሩቅ ያለባቸው ነበሩ፤ የሚጻፍለት ሰው ነበራቸዋ። ያንቺም ልጅ ክፍለ ሀገር ላለችው አያቱ ደብዳቤ ይጻፍ። አታርሚው፣ እንዳለ ላኪው። እሷንም መልስ እንድትልክለት በስልክ አደራ በያት። መጻፍ ካልቻለች የጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስጽፍ፤ እሱም ይለምድበታል።