ያልሠራነው ማዕድ

ለስብከቱ መሠረት የሚሆነው ንባብ፦ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ከቍጥር 16 እስከ 24



በዓል በቀረበ ቍጥር በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሲሰሙት ታናሽ ይመስላል፤ በብዙ እናቶች ልብ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጥያቄውም፣ «ለበዓሉ ማዕድ የሚቀርበውን ሁሉ በገዛ እጄ ልሥራን? ወይስ ከፊሉን ተሠርቶ ያለቀውን ልግዛ?» የሚል ነው። የበዓል ድካም ምን ያህል እንደ ሆነ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ዶሮው በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ በ12 ብልት ይከፈላል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፤ ረጅም ሰዓትም ይቁላላል። የእንጀራው ሊጥ ቀናት ቀድሞ ይቦካል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ጎመኑ፣ አይቡ፣ ድፎ ዳቦው ይቀራል። አንዲት ሴት የመሥሪያ ቤት ሥራዋን ሳታጓድል ይህን ሁሉ ልትፈጽም ስትነሣ፣ በዓሉ ሳይገባ ጕልበቷ ያልቃል።

ስለዚህ በከተሞቻችን የተጋገረ እንጀራ፣ ተቁላልቶ የበሰለ ሽንኩርት፣ የተዘጋጀ ጎመንና አይብ የሚሸጥበት ቤት በዝቶአል። ባልትና የሚለው ቃል የአንዲት ባለሙያ እመቤት የቤት ጥበብ የሚጠራበት ነው፤ ዛሬ ግን በሱቅ በር ላይ ተጽፎ እናነበዋለን። አንዱ ይህን አይቶ «ሙያ ጠፋ» ብሎ ያዝናል፤ ሌላው «እፎይ» ይላል። የእግዚአብሔር ቃል ለሁለቱም የሚናገረው ነገር አለው።

አስቀድመን ግን በራሳችን ቤት የሆነውን ሳንሸሽግ እንንገራችሁ። የ2017 ዓ.ም. የልደት በዓል ዋዜማ ነበረ። ባለቤታችን በሕክምና ቤት የምታገለግል ነርስ ናትና፣ ሌሊቱን በተረኝነት አድራ ጠዋት ደክማ ገባች። ለማግሥቱ ምሳ 11 ሰው ይጠበቅ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል ከወለጋ የመጡት አረጋዊት እናታችን ነበሩ። ባለቤታችን፣ «ዶሮውን እኔ እሠራለሁ፤ እንጀራውን፣ ጎመኑን፣ አይቡንና ድፎውን ግን ከጎረቤታችን ብንገዛ ምን ይመስልሃል?» ብላ ጠየቀችን። እኛም በየእሑዱ ስለ ጸጋ የምንሰብከው፣ «የቄስ ቤት ማዕድ ከገበያ መጣ ይባል?» ብለን መለስንላት።

እርስዋ ግን ጕልበት አልቀረላትምና አዘዘች። ገንዘቡን ልንከፍል የሄድን እኛ ነበርን። ሴትዮዋ ከጠየቀችው ዋጋ ላይ ተከራክረን ቀነስን፤ ቀንሰንም እንደ ብልህ ሰው ደስ ብሎን ተመለስን። ማታ ወደ ማድ ቤት ብንገባ፣ ባለቤታችን የተገዛውን ጎመን ከመጣበት ዕቃ አውጥታ በቤታችን ድስት ውስጥ ስትገለብጥ፣ ድፎውንም ከተጠቀለለበት ወረቀት ፈትታ በራስዋ ሰፌድ ላይ ስታኖር አገኘናት። እርስዋ ምንም አልተናገረችም፤ እኛም ዝም አልን። ነገር ግን ይህን መሸሸግ ያስተማርናት እኛ እንደ ሆንን ልባችን ያውቅ ነበር።

ወዳጆች ሆይ፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆመን ቃሉን እንጠይቅ። የተገዛ ምግብ በበዓል ማዕድ ላይ ማቅረብ ነውር ነውን? ጌታችን በሲካር ከውኃው ጕድጓድ አጠገብ ደክሞ በተቀመጠ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርቱ ምግብ ሊገዙ ወደ ከተማ ሄደው ነበር (ዮሐ. 4፥8)። በመጨረሻዪቱም እራት ይሁዳ ተነሥቶ በወጣ ጊዜ፣ ከደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶቹ ጌታ ለበዓሉ የሚያስፈልገውን እንዲገዛ ያዘዘው መሰላቸው፤ የገንዘቡ ከረጢት በእርሱ ዘንድ ነበረና (ዮሐ. 13፥29)። ለበዓል መግዛት በጌታ ማኅበር ዘንድ እንግዳ ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላሰቡ ነበር። ማርታም የተገሠጸችው ድስት ስለ ጣደች አይደለም፤ በብዙ ነገር ተጨንቃ በቤትዋ የተቀመጠውን እንግዳ ስለ ዘነጋች ነው እንጂ።

የቤት እመቤቶች ምሳሌ አድርገን የምናነሣት የማርቲን ሉተር ሚስት ካታሪና ፎን ቦራም ብቻዋን አልሠራችም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1525 ዓ.ም. ከተጋቡ በኋላ፣ ቀድሞ ገዳም የነበረው የዊተንበርግ ቤታቸው ተማሪና እንግዳ የማይጠፋበት ሆነ። እርስዋም የአትክልቱን ቦታ፣ ከብቱን፣ የቢራውን ጥመቃ ሁሉ ታስተዳድር ነበር፤ ነገር ግን አክስትዋና አገልጋዮችዋ ይረዱአት ነበር። ብዙ ሰው የጠገበበት ማዕድ የብዙ እጅ ሥራ ነበረ።

እንግዲህ ወደ ታሪካችን እንመለስ። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ለምሳ ተቀመጥን። እናታችን ጎመኑን ቀምሰው፣ «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ጎመን ከበላሁ ብዙ ጊዜዬ ነው» አሉ። ባለቤታችን ፊትዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ፣ የእኔ እጅ አይደለም፤ ከጎረቤት የተገዛ ነው» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

እናታችን ጥቂት አስበው እንዲህ አሉ፦ «ታዲያ ምን ያሳፍርሻል? በእኛ አገር በዓል ሲሆን አንጮቴውን አንድዋ ትቀቅላለች፤ ሌላዋ ትልጣለች፤ ሦስተኛዋ ቅቤውን ታመጣለች። ማን ሠራው ተብሎ አይጠየቅም ነበር። እኔስ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ለሠራችው ሴት እጅሽ ይባረክ ያላት ሰው አለን?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ምርቃቱን ለሚገባት ሰው አላደረስንም፤ ይልቁንም ከድካምዋ ዋጋ ላይ ቀንሰንባታል። ከምሳ በኋላ ከዶሮው ወጥ አካፍለን፣ የቀነስነውንም ገንዘብ ይዘን ወደ ቤትዋ ሄድን። ያቺ ሴት ለሌላው ቤት ሁሉ ስትጋግር አድራ፣ ለገዛ ልጆችዋ ገና ምሳ አላቀረበችም ነበር። ገንዘቡን ስንሰጣት ተደንቃ፣ «ቄስ፣ ሒሳቡን ጨርሰን አልነበረምን?» አለችን። እኛም፣ «ሒሳቡን ጨርሰናል፤ ዕዳው ግን በእኛ ላይ ቀርቶአል» አልናት።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በበዓል ማዕድ ላይ ያለው ኃጢአት ብዙ ጊዜ እኛ ከምንፈልግበት ስፍራ አይገኝም። እኛ በድስቱ ውስጥ እንፈልገዋለን፤ እርሱ ግን በልባችንና በከረጢታችን ተሸሽጎ ይገኛል። ሐዋርያው ያዕቆብ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ ያስጠነቅቀናል (ያዕ. 5፥4)። በ1529 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በወጣው ትንሹ ካቴኪዝምም ሉተር ስለ ዕለት እንጀራ የምንጸልየውን ጸሎት ሲተረጕም፣ መብልና መጠጥን ብቻ አልቈጠረም፤ ደጉን አስተዳዳሪ፣ መልካሙን የአየር ጠባይ፣ ታማኙንም ጎረቤት ከእንጀራው ጋር ቈጥሮአል። እንግዲያስ እንጀራችንን የምትጋግርልን ጎረቤት ራስዋ ለጸሎታችን የተሰጠች መልስ ናት። እግዚአብሔር በሰጠን መልስ ላይ ዋጋ ልንቀንስ ይገባናልን?

ይህን የማንረሳበት ሌላም ምክንያት አለን። ስንቶቹ ልጆቻችን ዛሬ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት በሰው ቤት የሰውን በዓል ያበስላሉ! ማዕዱን አሰናድተው ካቀረቡ በኋላ ብቻቸውን በማድ ቤት የሚበሉ አሉ። ለልጆቻችን ይደረግላቸው ዘንድ የምንለምነውን ቸርነት፣ በደጃችን ላለችው ሴት ልናደርግላት ይገባናል።

ደግሞም አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለዋል። ሁሉን በገዛ እጅዋ ሠርታ፣ በድካም ፊትዋ ጠቍሮ ልጆችዋን የምትቈጣ እናት ከምታቀርበው ማዕድ፣ ከፊሉን ገዝታ በደስታ ከቤተሰብዋ ጋር የምትቀመጥ እናት ማዕድ ይበልጣል። ይህን ስንል የቤትን ሙያ አናቃልልም። ጕልበትና ጊዜ ያላት፣ ልጆችዋንም አጠገብዋ አስቀምጣ እያስተማረች የምትሠራ ብፅዕት ናት፤ ሥራዋም አምልኮ ነው። ነገር ግን ፍቅር በተከተፈ ሽንኩርት ብዛት አይመዘንም። የባልዋም ድርሻ ትእዛዝ መስጠት ብቻ አይደለም፤ በዓሉ የሁሉ ከሆነ ድካሙም የሁሉ ነውና፣ ቢላዋውን ያንሣ።

አሁን ወደ ወንጌላችን እንምጣ። አንድ ሰው ታላቅ እራት አደረገ፤ ብዙዎችንም ጠራ። ባሪያውም ለተጠሩት የነገራቸው፣ እራቱ ተሰናድቶ ማለቁን ነው። ወጥ ይዛችሁ ኑ አላለም፤ የምታዋጡት አለ አላለም። ከቀሩትም ሰዎች መካከል ሁለቱ በመግዛት ያመካኙ ነበሩ፤ አንዱ መሬት፣ ሌላው 5 ጥማድ በሬ ገዝቶ ነበር። በመግዛታቸው አልተነቀፉም፤ ከማዕዱ በመቅረታቸው ነው እንጂ። በእነርሱም ፈንታ ድሆች፣ ጕንድሾች፣ ዕውሮችና አንካሶች ገብተው ተቀመጡ። እነዚህ ያመጡት ምን ነበር? ባዶ እጃቸውንና ረኃባቸውን ብቻ።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ልብ ይህ አይደለምን? እኛ ሁላችን ባልሠራነው ማዕድ ላይ የተቀመጥን እንግዶች ነን። የመዳናችንን ማዕድ ያሰናዳው ሌላው ነው፤ ዋጋውንም በደሙ የከፈለው እርሱ ነው። ከእርሱ ሥራ ወስዶ በራሱ ድስት ውስጥ ገልብጦ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው፣ ያን ሌሊት በቤታችን እንደ ሆነው በከንቱ ይደክማል። «የእኔ እጅ አይደለም» ብሎ የሚናገር ግን ከእፍረቱ ያርፋል። ባለቤታችን ያን ቀን በማዕዱ ፊት የተናገረችው ቃል፣ እኛ በዓመቱ ሁሉ ከሰበክነው ይልቅ ለወንጌል የቀረበ ነበረ።

ስለዚህ፣ ወዳጆች ሆይ፤ በሚመጣው በዓል የምትችሉትን ሥሩ፤ የማትችሉትን ሳታፍሩ ግዙ። ለታይታ ብላችሁ ከአቅማችሁ በላይ አትግዙ፤ አትበደሩም። የገዛችሁትን አትሸሽጉ። ለሠራው ሰው ዋጋውን ሙሉ አድርጋችሁ በጊዜው ክፈሉ፤ ምርቃቱንም አድርሱለት። ከዚያም ሁላችሁ፣ የማድ ቤቱም ሠራተኛ ሳትቀር፣ አብራችሁ ተቀመጡ።

እንጸልይ። የሰማይ አባት ሆይ፤ ባልዘራነውና ባልሠራነው ማዕድ ላይ በልጅህ ጸጋ አስቀምጠኸናልና እናመሰግንሃለን። የደከሙትን እናቶች አሳርፍ፤ ለሌላው የሚጋግሩትን እጆች ባርክ፤ በሩቅ አገር በሰው ቤት የሚያገለግሉትን ልጆቻችንን ጠብቅ። ከትዕቢትም፣ ከእፍረትም፣ ከንፍገትም አድነን። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ስማን። አሜን።