ምክንያትና በደል

በየቁምስናችን ሕሙማንን ለመጠየቅ የምንሄድ ሁሉ አንድ ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን፤ ይኸውም «ይህ በሽታ ከማን መጣብኝ?» የሚለው ነው። ሕመሙ ነቀርሳ፣ ብዙዎች ካንሰር የሚሉት ሲሆን፣ ጥያቄው ከሕመሙ ይበልጥ የሚያሠቃይበት ጊዜ አለ። ታማሚው ያለፈ ሕይወቱን ይመረምራል፤ ዘመድ የዘር ሐረግ ይቆጥራል፤ እናትም ማንም ሳይከሳት በልቧ ራሷን ትከሳለች። ለመሆኑ የአንድ ነገር ምክንያት መሆንና በዚያው ነገር በደለኛ መሆን አንድ ናቸውን? ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ጌታን ሲጠይቁ፣ ሁለቱን አንድ አድርገው ነበር። እኛም ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ፣ ሳይንስ ባቀረበልን አንድ ጠባብ ምሳሌ ልንመረምረው ወደድን።

በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ፣ ከቀይ የደም ሕዋሳት በቀር፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ረቂቃን አካላት ይገኛሉ። በኦክሲጅን አማካይነት ከምግብ የሕዋሱን ኃይል ያዘጋጃሉና በምድጃ ብንመስላቸው ከእውነት አንርቅም። የሚያስደንቀው ግን ምድጃዎቹ የራሳቸው ዲኤንኤ ያላቸው መሆኑ ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1963 ማርጊት ናስና ሲልቫን ናስ በስቶክሆልም በጫጩት ሽል ሕዋሳት ውስጥ አሳይተዋል። የሰው የሆነው ደግሞ በ1981 በካምብሪጅ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ 16,569 ፊደላትና 37 ዘረመሎች ብቻ ያሉት ሆኖ ተገኘ። ይህ አጭር ጽሑፍ በተለመደው ሥርዓት ከእናት ብቻ ይወረሳል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን በግማሽ የሰማ ሰው፣ ይህ ዲኤንኤ በነቀርሳ ዕጢዎች ውስጥ ተለውጦ ይገኛል ሲባል፣ «እንግዲያስ በሽታውን ያወረሰችው እናት ናት» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ምርመራው ግን ሌላ ይናገራል። በ1998 በባልቲሞር የበርት ቮግልስታይን ባልደረቦች ከትልቁ አንጀት ነቀርሳ የተገኙ 10 የሕዋስ ዘሮችን መርምረው በ7ቱ ለውጥ አገኙ፤ ከየታማሚው ጤናማ ሥጋ ጋር ሲያስተያዩት ግን ለውጡ በጤናማው ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የተወረሰ ሳይሆን በታማሚው ዕድሜ ውስጥ የተፈጠረ ነው።

ከምን ተፈጠረ? በ2014 የታተመ በ1,675 ዕጢዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አብዛኛው ለውጥ ዲኤንኤው ሲባዛ ከሚደርስ ግድፈት የመጣ መሆኑን አመለከተ። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ አንዳንድ ፊደል እንደሚገድፍ ያለ ነው። የትምባሆ ጢስ ምልክት እንኳ በዚህ ዲኤንኤ ላይ አልታየም። (አጫሾች በዚህ ደስ አይበላቸው፤ በዚያው ሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ ባለው ዲኤንኤ ላይ ጢሱ የተወው ጠባሳ በግልጽ ይነበባል።)

«ምክንያት» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በ1956 የነቀርሳ መነሻው የሕዋሱ አተነፋፈስ መበላሸት ነው ብሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ የብዙ ዕጢዎች ሚቶኮንድሪያ ሥራቸውን እንደማያቋርጡ ኋላ ታወቀ። ዛሬ እንደሚታሰበው ከለውጦቹ የሚበዙት ከዕጢው ጋር አብረው የሚጓዙ መንገደኞች ናቸው። ሁሉም ግን እንዲያ አይደሉም፤ በኩላሊት፣ በትልቁ አንጀትና በታይሮይድ ነቀርሳ ዘረመሉን የሚሰብሩ ለውጦች በርክተው ይታያሉ። በ2008 የጃፓን ተመራማሪዎች በአይጥ የነቀርሳ ሕዋሳት መካከል የሚቶኮንድሪያውን ዲኤንኤ ቢለዋውጡ፣ የመዛመት ኃይሉም አብሮ ተለዋወጠ። እንግዲህ የሚጀምር፣ የሚያግዝና ዝም ብሎ የሚከተል ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠራ ኖሯል።

በደል ዕውቀትንና ፈቃድን ይጠይቃል። ግድፈት የደረሰበት ሕዋስ ግን አያውቅም፤ አይፈቅድምም። ከእናት በእርግጥ የሚወረሱ የሚቶኮንድሪያ በሽታዎች መኖራቸውን አንክድም፤ በ1988 ምክንያቱ የታወቀውና የወጣቶችን ዓይን የሚያጠፋው የሌበር በሽታ አንዱ ነው። እርሷም ብትሆን ከእናቷ ሳትመርጥ የተቀበለችውን ሳትመርጥ አሳለፈች እንጂ ምን በደለች? በቤተሰብ የሚተላለፍ ነቀርሳም አለ፤ ነገር ግን እስካሁን የታወቁት ዘረመሎቹ በኒውክለስ ውስጥ ያሉ ናቸውና ከአባትም ከእናትም እኩል ይመጣሉ። ለጋብቻ ሲጠያየቁ የእናትን ዘር ብቻ የሚያጣሩ ሽማግሌዎች ይህን ቢያስተውሉት መልካም ነበር።

በደል የሚገኘው ወዲህ፣ በጤነኞቹ መካከል ነው፤ ታማሚውን ከሐኪም በሚያዘገየው፣ በለቅሶ ቤት «ከእናቱ ወገን ነው» እያለ በሚያንሾካሹከው፣ ዕውቀት ሳይኖረው በሚፈርደው ዘንድ። ካቴኪስቶቻችን እንዲህ ያለች ራሷን የምትከስ እናት ስትገጥማቸው፣ ለማጽናናት ብለው ያልሆነውን መናገር አያስፈልጋቸውም። ዕጢውና ጤናማው ሥጋ ጎን ለጎን እንደ ተነበቡ፣ ለውጡም በጤናማው ውስጥ እንዳልተገኘ ይንገሯት።